የማጥመጃው ብስክሌት

ቁልፉ አልተነካም። እንደ ተቆለፈ፣ የፊት ጎማውን ከብረት መደርደሪያው ጋር አጣብቆ ይዟል፤ ሌላው የብስክሌቱ አካል ግን የለም። ሌባው መጋዝም መፍቻም አላስፈለገውም። የፊት ጎማው በእጅ በሚገለበጥ ማላቀቂያ የታሰረ ስለነበር በጣቱ ገልብጦ፣ ጎማውን ለቁልፉ ትቶ የቀረውን አንሥቶ ሄዷል። እንዲህ ያለው ሌባ ብዙ ጊዜ እልፍ ብሎ ፍሬሙ የታሰረ፣ ጎማው ግን ያልታሰረ ሌላ ብስክሌት ይፈልግና አንዱን በአንዱ ያሟላል።

የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለብስክሌት ሌባ ይመቻል። ብዙ ብስክሌት በአንድ ቦታ ይቆማል፤ ባለቤቶቹ ክፍል የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት የታወቀ ነው፤ ቦርሳ ያነገተ ወጣት ብስክሌት ሲገፋ ያየ ሰውም የራሱ ነው ብሎ ያልፋል። ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን ደግሞ አዳዲስ ተማሪዎች አዲስ ብስክሌት በርካሽ ኬብል አስረው ይመጣሉ። በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ የብስክሌት መስመሮች በ1967 እ.ኤ.አ. የተሰመሩት በሰሜን ካሊፎርኒያ በምትገኘው የዩኒቨርሲቲ ከተማ በዴቪስ ነው፤ በዚያ አካባቢ ብስክሌት ለተማሪ እንደ እግሩ ነው።

ጎማው ብቻ የቀረላት ወጣት እዚያው ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕግ ትማራለች። ብስክሌቱን የገዙላት አጎቷ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የሌሊት ተረኛ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሌባን በአረማመዱ እለየዋለሁ የሚሉ ሰው ናቸው። የግቢው ፖሊስ “ማጥመጃ ብስክሌት” ለማሰማራት አስቦ ለተማሪዎች ምክር ቤት የአንድ ገጽ ሐሳብ አቅርቧል፤ ምክር ቤቱም ከተማሪዎች አስተያየት ይሰበስባል። እሷ ወረቀቱን ይዛ አጎቷ ቤት የመጣችው ቅዳሜ ዕለት ነበር።

“እሰየው!” አሉ፣ ነገሩን ሳትጨርሰው። “ይኼ እስከ ዛሬ መዘግየቱ ነው የሚያሳዝነው። ያስቀምጡለት፤ ይንካና እጅ ከፍንጅ ይያዝ። ምኑ ነው አስተያየት የሚያስፈልገው?”

“ጋሼ፣ ብስክሌቴ በጠፋበት ቀን ቢጠይቁኝ ኖሮ እኔም ይህንኑ ነበር የምለው” አለች። “ወረቀቱን ደጋግሜ ሳነበው ግን ያልተጻፈው በዛብኝ። ብስክሌቱ ተቆልፎ ነው የሚቆመው ወይስ ሳይቆለፍ? ዋጋው ስንት ነው? የት ነው የሚያቆሙት?”

“የትም ይቁም፣ የሰው ንብረት የሰው ንብረት ነው። የእኔ ያልሆነውን ለምን እነካለሁ?”

“እርስዎማ አይነኩም። ጥያቄው እኮ ስለ ፖሊሱ ነው።”

አሠራሩ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ፖሊስ ከኮርቻው ሥር ወይም ከፍሬሙ ቱቦ ውስጥ ቦታ ጠቋሚ የጂፒኤስ መሣሪያ ይደብቃል። ብስክሌቱ ከቆመበት ሲነቃነቅ መሣሪያው ለተረኛው ፖሊስ መልእክት ይልካል፤ ፖሊሱም በስልኩ ካርታ ላይ እየተከተለ ይደርስበታል። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የማዲሰን ግቢ ፖሊስ ይህን ከጀመሩት ቀዳሚዎች አንዱ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የብስክሌት ስርቆት በ40 ከመቶ ገደማ እንደ ቀነሰ ተናግሯል። የሳን ፍራንሲስኮ ፖሊስም በ2014 አካባቢ ተመሳሳይ ሥራ ሲያካሂድ “ይህ ማጥመጃ ብስክሌት ይሆን?” የሚል ተለጣፊ ወረቀት ለነዋሪው እያደለ በተራ ብስክሌቶች ላይ እንዲለጠፍ አድርጎ ነበር።

“አየሽ፣ በ40 ከመቶ!” አሉ አጎት። “ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?”

“መጀመሪያ፣ ይህን ያለው ፖሊሱ ራሱ ነው። ሁለተኛ ደግሞ፣ የተያዙት እነማን እንደሆኑ ቁጥሩ አይነግረንም። ጋሼ፣ እርስዎ ሌሊት ሌሊት የሚያዩዋቸው ሌቦች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ?”

አጎት ጥቂት አሰቡ። “አይደሉም” አሉ። “አንዱ ዓይነት ለሥራ የወጣ ነው። ቦርሳው ከባድ ነው፤ ግራይንደር ይዟል። መጀመሪያ ባዶ እጁን አንድ ዙር ይዞርና ካሜራውን ያያል፤ ሁለተኛ ሲመለስ የሚፈልገውን መርጦ ጨርሷል። ብረቱን ሲቆርጥ ብልጭታው ከሩቅ ይታያል፤ እሱ ግን ደንታም የለው። ሌላው መንገደኛ ነው። ደክሞታል፣ ወይ ጠጥቷል፣ ወይ አውቶቡስ አምልጦታል። ያልተቆለፈ ነገር ሲያይ እጁ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ዓይነት በየሳምንቱ ታይዋለሽ፤ ሁለተኛው ተመልሶ አይመጣም።”

“እንግዲያው ያልተቆለፈ ብስክሌት ብናቆም ማንን ነው የምንይዘው?”

“ሁለተኛውን” አሉ፤ ቀጥለውም “ግን እሱም ሰርቋል” አሉ።

“ሰርቋል። ግን ማጥመጃው ባይኖር ኖሮ በዚያ ቀን አይሰርቅም ነበር። ግራይንደር የያዘው ደግሞ ያልተቆለፈ ውድ ብስክሌት ሲያይ ነገሩ ይገባውና ያልፈዋል። ስለዚህ መረቡ ትልቁን ዓሣ አሳልፎ ትንሹን ይይዛል።”

ከዚያ ስለ ቺካጎው መኪና አነሳችላቸው። በነሐሴ 2018 የቺካጎ ፖሊስና ኖርፎክ ሳውዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ የናይኪ ጫማ ካርቶኖች የያዘ የጭነት መኪና ኢንግልዉድ በሚባለው፣ አብዛኛው ነዋሪው ጥቁርና ድኻ በሆነ ሰፈር አቁመው ከሩቅ ይጠባበቁ ነበር። ዓላማቸው ከባቡር ጭነት ላይ የሚሰርቁትን መያዝ እንደ ነበር ተናግረዋል። የሰፈሩ ሰው በስልኩ ቀርፆ ነገሩን ሲያወጣው ከተማው ተቆጣ። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ዐቃቤ ሕግም ክሶቹን አነሳ።

“የሚያሳዝነኝ” አለች፣ “ሌብነት እዚያ ሰፈር ውስጥ አለ ብሎ የሚማረረው ነዋሪ ራሱ ነው ከሁሉ በላይ የተቆጣው። ፖሊስ ሊረዳን ሳይሆን ሊፈትነን መጣ አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ቤቱ ቢሰበር ለማን ይደውላል?”

አጎት ግን በቀላሉ የሚረቱ አይደሉም። “የቺካጎው ስሕተት ነበር፤ እሺ። ጫማ በየቀኑ በመኪና ተጭኖ በዚያ ሰፈር አይቆምም። ብስክሌት ግን ግቢያችሁ ውስጥ በየቀኑ ይቆማል። ፖሊሱ አዲስ ፈተና አላመጣም፤ ያለውን ብስክሌት ነው ያቆመው። ከሺህ አንድ ቢጨምርበት ምን ተለወጠ?”

“ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው” አለች የሕግ ተማሪዋ።

አጎት ይህን አልጠበቁም ነበር። “ከእኔ ጋር?”

የካሊፎርኒያ ሕግ በዚህ ጉዳይ መለኪያውን ያገኘው በ1979 ነው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባራዛ በሚባለው መዝገብ ላይ ጥያቄው የተከሳሹ ጠባይ ሳይሆን የፖሊሱ ተግባር እንደሆነ ወሰነ፤ ሕግ አክባሪ የሆነን ተራ ሰው ወንጀል እንዲሠራ የሚገፋፋ ከሆነ ተከሳሹ ነፃ ይወጣል። በ2000 ደግሞ ዋትሰን የሚባለው መዝገብ መጣ። የቤከርስፊልድ ከተማ ፖሊሶች የ1980 ሞንቴ ካርሎ ሼቭሮሌ ይነዳ የነበረን ሲቪል የለበሰ ባልደረባቸውን ለይስሙላ አስቁመው “አሰሩት”፤ መኪናውን ሳይቆልፉ፣ ቁልፉን እንደ ሰኩት ትተውት ሄዱ። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ አንድ ሰው መጥቶ ነዳው፤ ተያዘ። ፍርድ ቤቱ ፖሊሶቹ ለሕዝቡ ሁሉ አጋጣሚውን ከማሳየት በቀር ማንንም ለይተው አልለመኑም፣ አልጎተጎቱም፣ ስለዚህ ወደ ወንጀል አልገፋፉም አለ።

“በሆላንድም እንደዚሁ ነው” ስትል ቀጠለች። “ያ አገር ከሰው ይልቅ ብስክሌት የሚበዛበት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ፖሊስ ሳይቆለፍ ያቆመውን ብስክሌት በወሰደ ሰው ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ ፖሊስ ሰውየው ቀድሞ ካሰበው ወደ ሌላ ድርጊት አልመራውም ብሎ አሠራሩን አጸደቀ። እንግሊዝም ውስጥ በ1993፣ ኤሴክስ ላይ የሲጋራ ካርቶን የሚመስል ነገር የያዘ ያልተቆለፈ መኪና አቁመው የያዟቸው ሰዎች ይግባኝ ሰሚ ፊት ተረትተዋል። ጋሼ፣ በሕግ ሚዛን ከሄድን ክርክሩ አልቋል።”

“ታዲያ ምን ቀረሽ?”

“ሕግ ክልክል አይደለም ያለው ነገር ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለማ። ፍርድ ቤት የሚጠየቀው ይህ ሰው ይፈረድበት ወይስ ይለቀቅ ተብሎ ነው። የተማሪዎች ምክር ቤት የተጠየቀው ግን ይህን ነገር በስማችን ይሠሩት ወይስ አይሥሩት ተብሎ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።”

ለዚህም የኒውዮርኩን ምሳሌ አመጣች። በ2006 የኒውዮርክ ፖሊስ በምድር ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ቦርሳና የኪስ ቦርሳ ሆን ብሎ እየጣለ፣ አንሥቶ አጠገቡ ለቆመ መለዮ ለባሽ ፖሊስ ሳይሰጥ ያለፈውን ሁሉ ማሰር ጀመረ። የግዛቱ ሕግ ግን የወደቀ ንብረት ያገኘ ሰው ለባለቤቱ ወይም ለፖሊስ የሚመልስበት የ10 ቀን ጊዜ ይሰጠዋል። ዳኞች ክሶችን መዝጋት ጀመሩ። ቆየት ብሎ ፖሊስ ቦርሳዎቹ ውስጥ እውነተኛ የክሬዲት ካርድ መጨመር ጀመረ፤ የሌላ ሰው ካርድ መውሰድ በዚያ ግዛት ከባድ ወንጀል ስለሆነ የሰውየው ክስ ከፍ ይላል።

አጎት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አዳመጡ። “የወደቀ ቦርሳ እኔም ብዙ አግኝቻለሁ” አሉ። “ሌሊት ኃላፊ የለም። መሳቢያው ቁልፍ የለውም። ጠዋት አለቃው እስኪመጣ በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ባለቤትዬዋ ራሷ መጥታ በኪሴ እንዳለ አወጣሁላት፤ ሺህ ጊዜ መረቀችኝ። ያን ጊዜ ፖሊስ ደርሶ ቢሆን ምን ልለው ነበር?”

“የሚሉትን ይሉ ነበር፤ የሚያምንዎት ይኑር አይኑር ግን አላውቅም።”

“ይኼኛው ልክ አይደለም” አሉ ቆፍጠን ብለው። “ደግ የሚሠራውንና የሚሰርቀውን መለየት የማይችል ወጥመድ ነውር ነው። ግን ብስክሌት የወደቀ ቦርሳ አይደለም፤ ማንም ለባለቤቱ ልመልስ ብሎ የቆመ ብስክሌት አያነሣም።”

“ከተቆለፈ አያነሣም። ሣር ላይ ከተጋደመስ?”

አጎት ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይቆለፍ እንግዲህ። ይህን ጻፊልኝ።”

ጻፈች። ክርክሩ ወደ ዋጋው የዞረው ከዚህ በኋላ ነው። በካሊፎርኒያ የተሰረቀው ንብረት ዋጋ 950 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቀላል ስርቆት ነው፤ ከፍተኛው ቅጣት ስድስት ወር ነው። ከ950 ዶላር ካለፈ ዐቃቤ ሕግ በከባድ ወንጀል ሊከስሰው ይችላል፤ ቅጣቱም እስከ ሦስት ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ ለማጥመጃ የሚመረጠው ብስክሌት ዋጋ የሰውየውን ዕጣ ይወስናል፤ ዋጋውን የሚመርጠው ደግሞ ፖሊሱ ነው።

“ተማሪው በብዛት የሚነዳው የሁለት መቶ፣ የሦስት መቶ ዶላር ብስክሌት ነው” አለች። “መደርደሪያው ላይ ከእነዚህ መካከል የሁለት ሺህ ዶላር ብስክሌት ስናቆም፣ ግባችን ሌባውን መያዝ ብቻ አይደለም፤ ወንጀሉንም አብረን እያሳደግነው ነው። ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ነገሩ ሌላ መዘዝ አለው።”

መዘዙ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የተጻፈ ነው። በስርቆት የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት የውጭ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ቅጣቱ ቢገደብለት እንኳ ይቆጠርበታል። ካሊፎርኒያ በ2014 ባወጣችው ሕግ የቀላል ወንጀል ከፍተኛ ቅጣት ከ365 ቀን ወደ 364 ቀን እንዲወርድ ያደረገችው አንድ ቀን ብቻዋን ቤተሰብ የምትበትንበት ሁኔታ ስለነበረ ነው። በጥር 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ያለ ፈቃድ የገቡ ወይም ሰነድ የሌላቸው ሰዎች በስርቆት ከተያዙ ወይም ከተከሰሱ፣ ገና ሳይፈረድባቸው በኢሚግሬሽን እስር እንዲቆዩ ያዛል።

“ታዲያ ስደተኛ ስለሆነ ይስረቅ ልትዪኝ ነው?” አሉ አጎት፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። “እኔም ስደተኛ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አድሬ ነው የበላሁት። የሌላው ልጅ ወጥመድ ውስጥ የሚገባው እጁን ሲዘረጋ ነው። አይዘርጋ!”

“አይስረቅ፤ ከሰረቀም ይጠየቅ። እኔ የምለው በሠራው ልክ ይጠየቅ ነው። የሦስት መቶ ዶላር ብስክሌት የሚሰርቅ ሰው የሦስት መቶ ዶላር ሌባ ነው። የሁለት ሺህ ዶላር ሌባ ያደረገው ፖሊስ የለጠፈበት ዋጋ ነው። ያ ሰው ሲባረር የሚባረረው በእሱ እጅና በፖሊሱ ምርጫ ተደምሮ ነው።”

አጎት አልተቀየሙም፤ ግን ክርክሩን ወደ ሌላ ወገን ወሰዱት፤ ከሰዓቱ ጨዋታ ሁሉ ጠንካራው ክርክራቸውም ይኸኛው ነበር።

“አንድ ነገር ልንገርሽ” አሉ። “አንቺ የምታስቢው ስለሚያዘው ነው። ስለተሰረቀውም አስቢ። ሌሊት እሠራበት ከነበረው ሕንፃ አጠገብ አንድ ምግብ ቤት ዕቃ የሚያጥብ ተማሪ ነበር። ብስክሌቱ ተሰረቀ። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። አንድ ሳምንት በእግሩ ሄደ፤ ከዚያ ሥራውን ተወ። ፖሊስ ምን አደረገለት? የመዝገብ ቁጥር ሰጠው። ምስክር የለ፣ አሻራ የለ፤ ምን ያድርግ? ይኼ ወንጀል ሌባው እዚያው ካልተያዘ አይያዝም። እዚያው ለመያዝ ደግሞ ቀድሞ መጠበቅ ያስፈልጋል።”

“እውነት ነው።”

“ሌላም አለ። ሌባ ለመያዝ ሌላው መንገድ ምንድነው? ቆሞ መንገደኛውን ማየት ነው። ማንን ያያሉ? እኔን። ሥራ ጨርሼ በገዛ ብስክሌቴ ስሄድ ‘የማነው?’ ተብዬ ተጠይቄ አውቃለሁ። ማጥመጃው ግን ፊት አያይም፤ ቆዳ አያይም። ሲነካ ነው የሚደውለው። ያልነካው ነጭ ይሁን ጥቁር ሳይጠየቅ ያልፋል። ከሁለቱ የትኛው ይሻለናል?”

ወጣቷ ማስታወሻዋን ወደ ጎን አደረገች። “ይኼ ትልቅ ነገር ነው” አለች። “ፊት አይቶ ከማስቆም እንደሚሻል አምናለሁ። ግን ማጥመጃው ፊት የማያየው የትም ቦታ እኩል ከተቀመጠ ነው። ቤት የሌላቸው ሰዎች በሚተኙበት ጥግ ብቻ ካቆሙት፣ ፊቱን ቀድመው መርጠውታል ማለት ነው። ኢንግልዉድ የሆነው እሱ ነው።”

“ስርቆት የሚበዛበት ቦታ ይቁም እንጂ ታዲያ። መዝገቡ አላቸው አይደል?”

“አዎ። የት ስንት እንደ ጠፋ ተመዝግቧል።”

“በቃ፣ በመዝገቡ ይሂዱ። ጻፊው።”

አጎት ቀጥለው የአያቶቻቸውን ዘመን አነሡ። በኢትዮጵያ ገጠር ንብረት ሲጠፋና ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር አፈርሳታ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ይሰበሰባል፤ እውነቱ እስኪወጣ ከሥራው ታግዶ ይቆያል፤ ሌባው ካልተገኘ ሕዝቡ በጋራ ይከፍላል። “ያ ሥርዓት ንጹሑንም ሌባውንም አንድ ላይ ነው የሚያስቀምጠው” አሉ። “ማጥመጃው ንጹሑን አይነካም። ከአፈርሳታ ይሻላል።”

“በአንድ በኩል ይሻላል” አለች። “በሌላ በኩል ግን አፈርሳታ የሚጠራው በሬው ከጠፋ በኋላ ነው። ዳኛው በሬውን አስሮ ሌባ አይጠብቅም። እዚህ ልዩነት አለ፤ መንግሥት የሚመረምረው ወንጀል ራሱ ያዘጋጀው ሲሆን ከወትሮው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። እኛም በየማታው ከፈተና እንዲያርቀን እየለመንን የምናድር ሰዎች ነን፤ ሰው ሊፈተን እንደሚችል እናውቃለን።”

ከዚያ ጥያቄው፣ ነገሩ በእርግጥ ይሠራል ወይ ወደሚለው አለፈ። በዚህ ላይ እጅግ የሚጠቀሰው ጥናት ማጥመጃ የለበትም፤ ሥዕል ብቻ ነው። በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዳንኤል ኔትል፣ ኬኔት ኖትና ሜሊሳ ቤትሰን በ2012 ባሳተሙት ሥራ፣ በግቢው ውስጥ በሦስት የብስክሌት ማቆሚያዎች ላይ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ያሉበትና የብስክሌት ሌቦችን እያየናችሁ ነው የሚል ማስታወቂያ ሰቀሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ማስታወቂያ በተሰቀለባቸው ቦታዎች ስርቆቱ በ62 ከመቶ ቀነሰ። ማስታወቂያ ባልተሰቀለባቸው የግቢው ክፍሎች ግን በ65 ከመቶ ጨመረ።

“ሌባው ቦታ ቀየረ እንጂ ሥራውን አልተወም ማለት ነው” አሉ አጎት ወዲያው። “ይኼንንማ እኔም አውቀዋለሁ። እኛ ጋ መብራት ሲጨመር ወደ ጎረቤት ሕንፃ ይሄዱ ነበር።”

“ስለዚህ አንድ ሰው ከመደርደሪያ አጠገብ መያዝ ብቻውን ብዙ ላያመጣ ይችላል። የተሰረቀው ብስክሌት ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው ዋናው” አለችና ስለ አምስተርዳም ነገረቻቸው። የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲና የደልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 አንድ መቶ ያገለገሉ ብስክሌቶች ላይ ጠቋሚ መሣሪያ ደብቀው በከተማዋ ውስጥ አቆሙ። 70 ያህሉ ተሰረቁ። አብዛኞቹ ከአምስተርዳም አልወጡም፤ ብዙዎቹ እዚያው ከተማ ውስጥ አዲስ ጌታ አግኝተው ይነዱ ነበር፣ አንዳንዶቹም ያገለገሉ ብስክሌቶች በሚሸጡባቸው ቦታዎች ታይተዋል።

አጎት ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። “እንደሱ ነው የሚሻለው! ሌባውን እደጅ ላይ አትያዙት፤ ተከተሉት። ገዢው ማነው? ፈትቶ የሚሸጠው ማነው? እኔ እኮ የማውቀው ይኼን ነው፤ አንዱ ይሰርቃል፣ ሌላው ያለ ደረሰኝ ይገዛል። ተቀባዩ ከተያዘ ሰራቂው ለማን ይሸጣል?”

“እዚህ ላይ እንስማማለን” አለች።

ያልተስማሙበት አንድ ነገር ቀረ። አጎት ማጥመጃው በምስጢር ይያዝ ይላሉ፤ ሌባ ከነቃ አይያዝም። እሷ ደግሞ ግቢው በግልጽ ያስታውቅ ትላለች፤ የሚፈለገው ስርቆቱ እንዲቀር እንጂ እስር ቤቱ እንዲሞላ አይደለም፣ ተማሪውም በፖሊሱ ላይ ያለው እምነት የሚቆየው ሲነገረው ነው። የሳን ፍራንሲስኮውን ተለጣፊ ጠቀሰች። ሌባው የትኛው ማጥመጃ እንደሆነ ካላወቀ፣ ማጥመጃ እንዳለ ማወቁ ብቻ ሁሉንም ብስክሌት ይጠብቃል። አጎት ይህን ሰምተው “ግራይንደር የያዘውን አያስፈራውም” አሉ። “መንገደኛውን ግን ያስፈራዋል” ስትላቸው “እሱንማ ማስፈራት ይበቃል፤ ማሰር አያስፈልግም” አሉ። የቅዳሜው ክርክር ወደ መቋጫው የተጠጋው በዚህ ነው።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው አስተያየት እንዲህ ይላል። ማጥመጃው ብስክሌት በግቢው ከሚቆሙት ሌሎች ብስክሌቶች በምንም አይለይ። እንደነሱ ይቆለፍ፤ ዋጋው ተማሪው በብዛት ከሚነዳው አይብለጥ፤ የሚቆምበት ቦታ በስርቆት መዝገቡ ይመረጥ። ቁልፍ ቆርጦ የወሰደ ሰው ወዲያው ከሚያዝ፣ ወደ ገዢው እስኪደርስ በፍርድ ቤት ፈቃድ ይከታተሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘና መሣሪያ ያልያዘ ሰው ከክስ በፊት በካሳና በማኅበረሰብ አገልግሎት የሚስተካከልበት መንገድ ይኑር። ስንት ሰው እንደ ተያዘ፣ እነማን እንደሆኑና ስርቆቱ በአጎራባች መደርደሪያዎች ጨምሮ እንደሆነ በየዓመቱ ከፖሊሱ ውጪ የሆነ አካል ቆጥሮ ያውጣ። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ግቢው የተዘጋና በተማሪ መታወቂያ የሚከፈት ማቆሚያ ይሥራ።

ፖሊስ ማጥመጃውን ከተራው ብስክሌት ይልቅ ለማንሣት የቀለለ ወይም በዋጋ የከበደ ባደረገ ቁጥር፣ ያለውን ሌባ መያዙን ትቶ አዲስ ወንጀለኛ ወደ መሥራት ይሄዳል። አጎትና የእህታቸው ልጅ በዚህ አንድ ቃል ናቸው።

ልጆቻችሁን በመጪው መስከረም ወደ ኮሌጅ የምትልኩ ወላጆች፣ ከብስክሌቱ ጋር የዩ ቅርጽ ያለው ወፍራም የብረት ቁልፍ ግዙላቸው፤ ፍሬሙንና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ እንዲያስሩበት አሳዩአቸው። ከፔዳሉ በታች ፍሬሙ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ባይክ ኢንዴክስ በሚባለው ነፃ መዝገብ ላይ አስመዝግቡ። ልጆቻችሁ በሚማሩበት ግቢ ፖሊስ ማጥመጃ ላሰማራ ብሎ አስተያየት ሲጠይቅም ዝም አትበሉ፤ ብስክሌቱ ይቆለፋል ወይ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ የት ነው የሚቆመው ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አድርጉ።